ሮንና ሀች፦ ባርነት የከለከለው ፍቅር በቲያትር መድረክ

ሮን ኒውዮርክ የሚማር ጥቁር አሜሪካዊ ወጣት ነው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጃል። ርዕሱ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያስነሷቸው አመፆች ናቸው። ሮን የሚያፈቅረው ወንድ ነው። አንድ ቀን ለልደት በዓል ወደ ቤተሰቦቹ ይሄዳል። ልደቱ የሚከበርለት ሽማግሌ ቲ.ጄ. ይባላል፤ የቅድመ አያቱ አባት ነው፤ በእኛ አጠራር ምንዝላቱ። ቲ.ጄ. 189 ዓመት ሞልቶታል። አዎ፣ 189! ከአንድ ዓይኑና ከአንድ የእግር ጣቱ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ይህ ሽማግሌ ሮንን የሚለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አገር ቤት ውሰደኝ።

አገር ቤት ማለት ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው ሳውዝሃምፕተን ነው። ሮን ሽማግሌውን መኪና ላይ ጭኖ ይነሳል። ሲመሽ ሞቴል ያርፋሉ። እዚያ ዘመን ይቀደዳል። ሁለቱም 1831 ውስጥ ይገኛሉ፤ በባርነት የተያዘው ሰባኪ ናት ተርነር የመራው አመፅ ሊፈነዳ በተቃረበበት ሰሞን፣ ሰው እንደ ከብት በሚነዳበት እርሻ ላይ። ሮን እዚያ ሀች የሚባል በባርነት የተያዘ ወጣት ያገኛል። ይዋደዳሉ።

ይህ የሮበርት ኦሃራ ተውኔት ነው። ርዕሱ «ኢንሰረክሽን፦ ሆልዲንግ ሂስትሪ» ይላል። የመጀመሪያው ቃል አመፅ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ሐረግ ግን ወደ አማርኛ ሲመጣ ለሁለት ይከፈላል። ታሪክን መያዝም ነው፣ ታሪክን ማቀፍም ነው። ሮን እስከዚያ ቀን ድረስ ታሪክን በእጁ ይዞት ነበር፤ በመጽሐፍ፣ በማስታወሻ ደብተር። እርሻው ላይ ሲደርስ ግን በክንዱ ያቅፈዋል። ታሪኩ ትንፋሽ አለው፣ ላብ አለው፣ ስም አለው።

ኦሃራ የሲንሲናቲ ልጅ ነው፤ እሱም ጥቁር፣ እሱም ወንድ የሚያፈቅር። ተውኔቱን የጻፈው ኮሎምቢያ የቲያትር ዝግጅት ተማሪ ሳለ ነው። በ1996 ኒውዮርክ በሚገኘው ፐብሊክ ቲያትር ራሱ አዘጋጅቶ ለመድረክ አበቃው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተውኔቱን ታሪክ የሰማ ሰው ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ፍቅር ነበር ወይ? ከነበረስ ማስረጃው የታል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መልሱ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ባርነት ፍቅርን በጠቅላላው ምን እንዳደረገው ማየት ያስፈልጋል። የወንድና የሴቱንም ጭምር።

በቨርጂኒያ ሕግ በባርነት የተያዘ ሰው ንብረት ነበር። ንብረት ውል መዋዋል አይችልም። ጋብቻ ደግሞ ውል ነው። ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሠላሳ ዓመት አብረው ቢኖሩ፣ አሥር ልጅ ቢወልዱ፣ በሕግ ፊት ባልና ሚስት አልነበሩም። ሰዎቹ የራሳቸውን ሥርዓት ሠሩ። መጥረጊያ መሬት ላይ አጋድመው ተያይዘው ይዘሉታል። በቃ፣ ተጋቡ። ሥርዓቱን የሚመራው ሰባኪ አንዳንዴ «ሞት እስኪለያችሁ» የሚለውን ቃል ይቀይረው ነበር። «ሞት ወይም ርቀት እስኪለያችሁ» ይል ነበር። ርቀት ማለት ሽያጭ ነው። ሁሉም ያውቃል። አንድ ማለዳ ባል ወደ ሥራ ሲወጣ የነበረች ሚስት፣ ማታ ሲመለስ ላትኖር ትችላለች። ከ1790 እስከ 1860 ባለው ጊዜ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ከቨርጂኒያና ከአካባቢዋ ተነቅሎ ጥጥ ወደሚመረትበት ወደ ታችኛው ደቡብ ተወስዷል።

በ1662 ቨርጂኒያ አንድ ሕግ አወጣች። የልጅ ዕጣ የእናቱ ዕጣ ነው ይላል። እናት ባሪያ ከሆነች ልጁም ባሪያ ነው፤ አባቱ ማንም ይሁን ማን፣ ጌታዋ ራሱም ቢሆን። በ1808 ደግሞ አሜሪካ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን ከለከለች። ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ሰው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ሲቆም፣ አገር ቤት የሚወለድ ሕፃን ሁሉ ሀብት ሆነ። ጌቶች ሴትን በማህፀኗ መተመን ያዙ። ማን ከማን ጋር እንደሚያድር የሚወስኑም ነበሩ።

አሁን ሮንንና ሀችን እዚህ መሀል አስገቧቸው። የሁለት ወንዶች ፍቅር ለጌታው ምን ይሰጠዋል? ምንም። ልጅ አይወለድበት፣ ገበያ አይወጣበት። እኔ የዚህን ተውኔት ጉልበት የማየው እዚህ ላይ ነው። ሁሉ ነገሩ የሌላ ሰው ንብረት የሆነ ሰው፣ ለጌታው አምስት ሳንቲም የማያስገባ ነገር ለራሱ ይይዛል። ጉልበቱ የጌታው ነው፣ ልጁ የጌታው ነው፣ እንቅልፉ ሳይቀር በጌታው ፈቃድ ነው። ይህ አንዱ ግን የራሱ ነው። አመፅ የሚለው ርዕስ ናት ተርነርን ብቻ የሚመለከት አይመስለኝም።

ሕጉ በዚህ በኩልም ዝም አላለም። ከእንግሊዝ የተወረሰው ሕግ ለወንድና ወንድ ግንኙነት የሚሰጠው ቅጣት ሞት ነበር። ቶማስ ጄፈርሰን በ1770ዎቹ መጨረሻ የቨርጂኒያን የቅጣት ሕግ ለማሻሻል ሲሞክር፣ በሞት ፋንታ መስለብ ይሁን ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ያን ጊዜ ይህ ማቅለል ነበር! ምክር ቤቱ አላጸደቀውም። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ መውጣቷን ያወጀውን ሰነድ የጻፈው ይኸው ጄፈርሰን በሕይወት ዘመኑ ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ሀች የተያዘው በሁለት ገመድ ነው። አንዱ ሰው አይደለህም ይለዋል፤ ሌላው ሰው ብትሆን እንኳ እንዲህ ያለ ሰው መሆን አትችልም ይለዋል።

ወደ ናት ተርነር ልውሰዳችሁ። ያለ እሱ ተውኔቱ አይገባም። ተርነር በ1800 ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ባሪያ ሆኖ ተወለደ። ማንበብ ያውቃል። መጽሐፍ ቅዱስን ይሰብካል፣ ራእይ አያለሁ ይላል። በየካቲት 1831 ፀሐይ ስትጋረድ ምልክቱ ነው ብሎ ተቀበለው። በነሐሴ 21 ሌሊት ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ተነሳ። ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ወደ 55 የሚሆኑ ነጮችን ገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። የሚሄዱት ወደ አውራጃዋ ዋና ከተማ ነበር። የከተማዋ ስም ኢየሩሳሌም ነው። አልደረሱባትም። አመፁ በሁለት ቀን ተሰበረ። ተርነር ሁለት ወር ያህል ጫካ ለጫካ ተደብቆ በጥቅምት 30 ተያዘ። ኢየሩሳሌም የገባው እስረኛ ሆኖ ነው፤ በኅዳር 11 እዚያው ተሰቀለ። ከተማዋ ዛሬ ኮርትላንድ ትባላለች። የነጮቹ በቀል ደግሞ በአመፁ እጃቸው የሌለበትን ጨምሮ ብዙ ጥቁሮችን ፈጀ።

ዋሽንግተንና አካባቢው የምትኖሩ አንባቢዎች ይህ ሩቅ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። ቨርጂኒያ ስንል አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን፣ ክትፎ ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚመጣልን። ሳውዝሃምፕተን ያለው በዚያችው ግዛት ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ። ተርነር ይዞት እንደነበር የሚነገርለት ትንሽ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ እዚያው ዋሽንግተን፣ በ2016 በተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ይገኛል።

ሮን ይህን ሁሉ ያውቃል። ችግሩም እሱ ነው። እሱ የአመፁን ቀን ያውቃል፣ መጨረሻውን ያውቃል፣ የሚሰቀሉትን ሰዎች ብዛት ያውቃል። በዙሪያው ያሉት ግን ተስፋ ያደርጋሉ። ንገራቸው? ብትነግራቸው ማን ያምንሃል? ካመኑህና ከቀሩስ፣ አንተ ልትጽፈው የመጣኸው የጀግንነት ታሪክ የት ይገባል? እዚህ ላይ ፍቅሩ ለጌጥ የገባ አለመሆኑ ይታያል። ኒውዮርክ ሳለ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ነበሩ። አሁን ከቁጥሩ አንዱ ሀች ሊሆን ይችላል። ሰው የሚወደውን ሰው በግርጌ ማስታወሻ ሊተው አይችልም።

ዘመን እየተሻገረ ወደ ባርነት የሚመልስ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኃይሌ ገሪማን «ሳንኮፋ» ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። በ1993 የወጣ ፊልም ነው። ሞና የምትባል የፋሽን ሞዴል ጋና ውስጥ ባሪያዎች ይታጎሩበት በነበረ ምሽግ ፎቶ እየተነሳች ሳለ፣ ድንገት ያለፈው ዘመን ይውጣታል። ሾላ ሆና እርሻ ላይ ትነቃለች። ኃይሌ ያን የሠራው ተመልካቹ ባርነትን ከውጭ ሆኖ እንዳያዝን፣ ገብቶ እንዲያየው ነው። ኦሃራም በሦስት ዓመት ልዩነት ያንኑ በር በቲያትር ከፈተ። ልዩነቱ በሩን የሚያልፈው ሰው ላይ ነው። ሮን ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ወንድ ወዳድ ጥቁር ነው። እንደኔ ያለ ሰው እዚያ ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ይዞ ነው የሚገባው።

ነበር ወይ? እንግዲህ ወደ ማስረጃው እንምጣ።

ከ1936 እስከ 1938 የአሜሪካ መንግሥት ጸሐፊዎችን አሰማርቶ፣ በልጅነታቸው ባርነትን የቀመሱ ከ2,300 በላይ አረጋውያንን ቃል ሰብስቧል። ትልቅ ሀብት ነው። ግን ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ ነጮች ነበሩ። ጥያቄያቸው ምን ትበሉ ነበር፣ ምን ትለብሱ ነበር፣ ጌታችሁ ክፉ ነበር ወይስ ደግ የሚል ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋት ባልቴት፣ በዘር መለያየት በታፈነ ደቡብ፣ በር ላይ ለቆመ ነጭ ሰው የልቧን ፍቅር ታወራለች? ለወንድና ለሴቱም ፍቅር ቢሆን ያስቸግራል። ያልተጠየቀ ነገር አይመለስም።

የፍርድ ቤት መዝገብም አለ። እሱ ግን የሚመዘግበው ወንጀል ያለውን ነው። የጌቶች ማስታወሻም አለ። እሱ የሚመዘግበው ዋጋና ምርት ነው። ባሪያዎቹ ራሳቸው እንዳይጽፉ ደግሞ በብዙ የደቡብ ግዛቶች ማንበብ ማስተማር በሕግ ተከልክሎ ነበር። ቨርጂኒያ በ1831 ጥቁሮች ፊደል ለመማር መሰብሰባቸውን አገደች። ከተርነር በኋላ ጥቁር ሰባኪም አፉ ተዘጋ። የተጻፈ የለምና አልነበረም ብሎ መደምደም፣ ብዕሩን ቀምቶ ለምን አልጻፍክም እንደ ማለት ነው።

አንድ ሊምታታ የማይገባ ነገር አለ። ሃሪየት ጄኮብስ የምትባል ከባርነት ያመለጠች ሴት በ1861 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሉክ የሚባል ወጣት ታነሳለች። ጌታው አልጋ ላይ የቀረ በሽተኛ ነው። ሉክን ከሸሚዝ በቀር ሳያለብስ፣ አንዳንዴም ከአልጋው ጋር በሰንሰለት አስሮ ያቆየው ነበር። ያደርገው የነበረውን ሁሉ ለመጻፍ ጄኮብስ ተጸይፋለች። አንባቢ ይገባዋል። ይህ የሁለት ወንዶች ታሪክ ነው፣ ግን ፍቅር አይደለም። ግፍ ነው። ጌታ በሴት ባሪያ ላይ ከሚያደርሰው ግፍ አይለይም። ብዙ ሰው በባርነት ዘመን የተመሳሳይ ጾታ ነገር ሲነሳ ሉክን ብቻ ያስባል፤ ነገሩ ሁሉ ነጮች ያመጡት በደል ነው ብሎ ያልፋል። ሀች የሉክ ተቃራኒ ነው። ማንም አላዘዘውም። ራሱ መረጠ።

ይህ ልዩነት ለምን ስሜት እንደሚነካ የሚያሳይ አንድ ጸብ ነበር። በ1967 ዊልያም ስታይረን የሚባል ነጭ ደራሲ፣ የቨርጂኒያ ሰው፣ ራሱን በናት ተርነር ቦታ አድርጎ ልብ ወለድ ጻፈ። መጽሐፉ የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በማግስቱ ዓመት ግን አሥር ጥቁር ጸሐፊዎች ተሰብስበው የመልስ መጽሐፍ አወጡ። ከቅሬታዎቻቸው አንዱ ደራሲው ተርነርን በወጣትነቱ ከወንድ ጓደኛው ጋር ማገናኘቱ ነበር። ጀግናችንን አዋረደው አሉ። ቁጣቸው ይገባኛል። አንድ ነጭ ሰው የጥቁሮችን ጀግና አእምሮ ተከራይቶ የፈለገውን ሲሞላበት ማየት ያማል። ግን ያን ጸብ የሚያዳምጥ፣ ወንድ የሚያፈቅር ጥቁር ልጅ ምን ሰማ? አንዱ ወገን እንደ እድፍ ተጠቀመበት። ሌላውም እድፍ መሆኑን ተቀብሎ ተከራከረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ኦሃራ እዚያው ሳውዝሃምፕተን ተመልሶ፣ እዚያው አመፅ መሀል ገብቶ፣ ነገሩን እድፍ ሳይሆን ፍቅር ብሎ መድረክ ላይ አቆመው።

አቀራረቡም እንዲሁ ድፍረት አለበት። ስለ ባርነት የሚሠራ ቲያትር ብዙ ጊዜ እንደ ለቅሶ ቤት ነው። ኦሃራ ግን ያስቃል። ቀልዱ ይፈጥናል፣ ይጮኻል፣ ያሾፋል፤ ከዚያ ድንገት ይቆምና ጅራፉ ይሰማል። አንድ ተዋናይ ብዙ ሰው ይሆናል፤ የዛሬው ፊት በትናንቱ ገጸ ባሕርይ ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሽማግሌው አፉን ሳይከፍት የሚያስበውን የምትናገርለት ሙዳ ዊት የምትባል መንፈስ አለች። ይህ ሁሉ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ካላገኘ ይቆማል፤ መቆምም አለበት። ቲያትር ግን ማስረጃው ባለቀበት ቦታ ሰው ያቆማል። ይህ ምናብ ነው ብሎ በግልጽ እየነገረህ ያቆማል። የ189 ዓመት ሽማግሌ ያሳየህ ሰው እውነተኛ ሰነድ አለኝ ብሎ እያታለለህ አይደለም።

ኦሃራ ከዚህ ጉዳይ አልራቀም። በ2018 ኒውዮርክ የተከፈተውን፣ በ2019 ወደ ብሮድዌይ የተሻገረውን «ስሌቭ ፕሌይ» ያዘጋጀው እሱ ነው። ጸሐፊው ጄረሚ ኦ. ሃሪስ ነው። እዚያም ቨርጂኒያ ነው፣ እዚያም እርሻ ነው፤ ከሦስቱ ጥንዶች አንዱ ሁለት ወንዶች ናቸው። 12 የቶኒ ሽልማት ዕጩነት አግኝቶ አንዱንም አልወሰደም።

ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ ርዕሱ ሊከብዳችሁ እንደሚችል አውቃለሁ። በአገራችን እንዲህ ያለው ግንኙነት በወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ በየቤቱም አይወራም። ባሪያ የሚለው ቃል ራሱ እኛ ጋ ዛሬም ስድብ ሆኖ ሰው ላይ ይወረወራል፤ ባርነት በአዋጅ ከቀረ ከ1942 ወዲህ ይህን ያህል ዘመን አልፎ። የእኛ ባሪያዎች ማንን አፍቅረው እንደነበር ማን ጠየቀ? ዘፈናቸውን፣ እንጉርጉሯቸውን ማን ጻፈ? የሀችን ታሪክ ሳነብ ወደዚያ ነው ሐሳቤ የሚሄደው።

ተውኔቱ የሚያወራው ስለ ወንዶች ነው። ስለ ሴቶቹ ግን ትንሽ የተረፈ ነገር አለ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ሆላንድ ትገዛት በነበረችው ሱሪናም፣ ጥቁር ሴቶች የሚያፈቅሯትን ሴት «ማቲ» ይላሉ። ቃሉ ጓደኛ ማለት ነው። በአንድ የባሪያ መርከብ ታጉረው ባሕር የተሻገሩ ሰዎች እርስ በርስ ይጠራሩበት ከነበረው አጠራር ጋር የሚያያይዙት ተመራማሪዎች አሉ። በሰንሰለት ጎን ለጎን ተኝቶ የተረፈ ሰው የሌላውን ሰው ስም ማቲ ቢለው አይገርምም።

ወረቀት ላይ የተረፈ ፍቅር ደግሞ ከሰሜን አሜሪካ፣ ከሃርትፎርድ፣ ኮነቲከት አለ። አዲ ብራውንና ሬቤካ ፕራይመስ ሁለት ጥቁር ሴቶች ነበሩ። ባሪያዎች አልነበሩም፤ ደቡቡ ግን ገና በባርነት ላይ ነበር። አዲ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፣ ሬቤካ አስተማሪ። አዲ ከ1859 እስከ 1868 ለሬቤካ ትጽፍላት ነበር። ፊደሏ ይሳሳታል፣ ፍቅሯ አይሳሳትም። ባርነት ሲያበቃ በ1865 ሬቤካ ነጻ የወጡትን ልታስተምር ወደ ሜሪላንድ ወረደች። ደብዳቤው እዚያም ተከተላት። ሮን ለሀች፣ ሀችም ለሮን ሊያቆዩ ያልቻሉት ይህንን ነበር፤ ፊደል፣ ወረቀት፣ የሚያስቀምጡበት ሣጥን።

ኋላ ሁለቱም ባል አገቡ። አዲ በ1870 በወጣትነቷ ሞተች። ሬቤካ ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ኖረች። በ1932 ስትሞት ዕድሜዋ ከዘጠና አልፎ ነበር። የአዲ ደብዳቤዎች እስከዚያ ቀን ድረስ እሷ ዘንድ ነበሩ።